የድኃ አገር ዕዳ በገበያ ሲሸጥ



ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየመስጊዱ በርም ሆነ በየሻይ ቤቱ የድኃ አገሮች ዕዳ ጉዳይ ሲነሳ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች በአብዛኛው ከሁለት አያልፉም። አንደኛው ወገን «ብድሩ ሁሉ ሪባ ያለበት በመሆኑ ከሥሩ ባጢል ነው፤ መከፈልም የለበትም» ይላል። ሌላው ደግሞ «የተበደረ ይክፈል፤ ፈርሞ የወሰደውን ማን ይክፈልለት?» ይላል። ሁለቱም ለአፍ የሚቀሉ አቋሞች ናቸው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የምፈልገው ከሁለቱም መካከል ወድቆ የቀረውን ጥያቄ ነው። ባለዕዳው የእውነት መክፈል ሲያቅተው አበዳሪዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ግዴታ አለባቸው? አንዱ አበዳሪ የማረውን ሌላው አድፍጦ ጠብቆ ቢወስደው ፍትሕ ይባላል ወይ?

ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። በለንደንና በኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ሙግት ተካሂዶበታል። አገራችንም ብትሆን ከጉዳዩ ርቃ የቆመች አይደለችም። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የትራክተሮቹ ዕዳ

በ1979 ሩማኒያ ለዛምቢያ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አበደረች። ገንዘቡ ትራክተሮችንና ሌሎች የእርሻ መሣሪያዎችን ከራሷ ከሩማኒያ ለመግዛት የሚውል ነበር። የዛምቢያ ኑሮ በመዳብ ላይ የተንጠለጠለ እንደመሆኑ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ አገሪቱም አብራ ወደቀች፤ በ1980ዎቹም የትራክተሮቹን ዕዳ መክፈል ተሳናት። ወለዱ በወለድ ላይ እየተደረበ ሄዶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዕዳው ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚህ ጊዜ ሩማኒያ ራሷ ሥርዓቷን ለውጣ በችግር ላይ ስለነበረች ጥቂትም ቢሆን አግኝታ ነገሩን ለመዝጋት ከዛምቢያ ጋር መደራደር ጀመረች።

ድርድሩ ሳያልቅ ሦስተኛ ወገን ገባ። በእንግሊዝ ቨርጂን ደሴቶች የተመዘገበ፣ ዶኔጋል ኢንተርናሽናል የተባለ ኩባንያ በ1999 ያንን የ30 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ከሩማኒያ ላይ በ3.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ለዛምቢያ አንድ ትራክተር አልሸጠም፤ አንዲት ሳንቲምም አላበደረም። የገዛው ወረቀት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ተራ ንግድ ሊመስል ይችላል። ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ1996 በጀመሩት፣ «በከፍተኛ ዕዳ የተዘፈቁ ድኃ አገሮች» በሚል ስም በሚታወቀው ፕሮግራም መሠረት ዛምቢያ ለዓመታት የተጫኑባትን ቅድመ ሁኔታዎች ፈጽማ በ2005 የምሕረቱ ተጠቃሚ ሆነች። 7 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረው የውጭ ዕዳዋ በዚህና ተከትሎ በመጣው ስረዛ ወደ ሚሊዮኖች ወረደ። በ2006 መንግሥቷ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ይከፈል የነበረውን የሕክምና ክፍያ አስቀረ። ከዚህ በፊት ለካርድ የሚከፍለው አጥቶ ከደጅ ይመለስ የነበረው ገበሬ ያለ ክፍያ መታከም ጀመረ ማለት ነው።

ዶኔጋልም በዚሁ ሰሞን ለንደን ፍርድ ቤት ቀረበ። የጠየቀው 55 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መሠረቱም የዛምቢያ ባለሥልጣናት በ2003 ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር በየጊዜው ለመክፈል ተስማምተው የፈረሙት ውል ነው። ከፊሉን ከፍለው አቋርጠውታል። ዳኛው በኩባንያው ሰዎች ምስክርነት ላይ ያላቸውን ጥርጣሬ አልሸሸጉም። ቢሆንም ሕጉ ሕግ ነውና በ2007 ለኩባንያው 15.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረዱለት። ከገዛበት ዋጋ አራት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑ ነው።

ነገሩን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ከባለሱቁም፣ ከከሰል ሻጩም፣ ከወተት አምጪውም በዱቤ ወስዳ መክፈል አቃታት እንበል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከሰል ሻጩንና ወተት አምጪውን ለምነው አስማሯት። እርሷም በተረፋት ገንዘብ ልጆቿን ትምህርት ቤት መለሰች። በዚህ መሐል ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ሰው ከባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ የእርሷን ገጽ ብቻ በአሥር ብር ገዝቶ ኖሮ፣ ሌሎቹ ከማሯት በኋላ እጇ ላይ ጥቂት ብር ማየቱን አረጋግጦ በሯን አንኳኳና «መቶ ብሬን ከነወለዱ» አላት። ሰውየው አልዋሸም። ደብተሩ ላይ የተጻፈው መቶ ብር ነው። ነገር ግን የሚወስደው ገንዘብ የማን ነው? የእርሷ እንኳ አይደለም፤ ከሰል ሻጩ ለአላህ ብሎ የማረው ነው።

እንዲህ ዓይነቶቹን ኩባንያዎች ዓለም «ጥንብ አንሳ ፈንዶች» ብሎ ይጠራቸዋል። ስሙ ለጥንብ አንሳው አድልቶበታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ጥንብ አንሳ የሞተውን እንጂ በማገገም ላይ ያለውን አይነካም።

ሸሪዓ ለባለዕዳው ያደላል?

ብዙዎች እስልምና ዕዳን የሚያቀል፣ ባለዕዳውን የሚያባብል ሃይማኖት ይመስላቸዋል። ስሕተት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ዲናር ዕዳ ሳይከፍል በሞተ ሰው ጀናዛ ላይ ራሳቸው ለመስገድ አልፈቀዱም ነበር። የሰገዱት ሰሓባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ካዞሩ በኋላ ነው። መክፈል እየቻለ ቀጠሮ የሚያራዝም ሰው በዳይ መሆኑንም አስተምረዋል። ስለዚህ ሕዝባቸውን እያስራቡ ቤተ መንግሥት የሚያንጹ መሪዎች «ዕዳው ሪባ ነው» በሚል ሽፋን ከዋናው ገንዘብ ማምለጥ አይችሉም። ሪባን የሚከለክሉት የአል-በቀራ አንቀጾች ወለዱን ሲሽሩ ዋናውን ገንዘብ ለአበዳሪው መብት አድርገው ያጸኑታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ድንጋጌ (አል-በቀራ፡ 280) ግን የእውነት ያጣውን የሚመለከት ነው። እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ መስጠት ግዴታ፣ ጨርሶ መማር ደግሞ የበለጠ መልካም ሥራ መሆኑን ያስተምራል። ልብ በሉ፤ ጊዜ መስጠት እዚህ ላይ የአበዳሪው ቸርነት አይደለም፤ የባለዕዳው መብት ነው።

በጃሂሊያ ዘመን በሰፊው ይሠራበት የነበረው ሪባም ቢሆን ዛሬ ባንክ ቤት ከምናውቀው ትንሽ ለየት ይላል። ቀጠሮው ሲደርስ አበዳሪው ባለዕዳውን ወይ እንዲከፍል ወይ እንዲጨምር ይጠይቀዋል፤ ከሌለው ዕዳው እያበጠ ይሄዳል። የሪባው ክፋት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዕዳው የሚያድገው ባለዕዳው ተጨማሪ ነገር ስላገኘ ሳይሆን ስላጣ ነው። የሩማኒያ 15 ሚሊዮን ዶላር 30፣ 30ው ደግሞ በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ 55 የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ዛምቢያ በእነዚያ ዓመታት አንድም ተጨማሪ ትራክተር አላገኘችም።

ዕዳን ለሌላ ሰው መሸጥስ? ይህ በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ «በይዑ-ደይን» በሚል ርዕስ በስፋት የተተነተነ ነው። ሐነፊዮች ዕዳን ለራሱ ለባለዕዳው ካልሆነ በቀር ለሌላ መሸጥን ይከለክላሉ። ማሊኪዮች ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን በጥብቅ ሁኔታዎች ነው። የገንዘብ ዕዳ በገንዘብ ሲሸጥ ማነስና መብለጥ አይፈቀድም። በተጨማሪም ከሁኔታዎቹ አንዱ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነው። በገዢውና በባለዕዳው መካከል ጠላትነት መኖር የለበትም ይላሉ። ምክንያቱም ሰው ጠላቱን ለማዋረድና ለማስጨነቅ ሲል ዕዳውን ከሌላ ሊገዛ ይችላል። የመዲናና የማግሪብ ዑለማእ ይህንን የጻፉት ቦንድም ሆነ የአክሲዮን ገበያ ከመታወቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። በዘመናችንም የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1998 ባሕሬን ባደረገው ስብሰባ ዕዳን ከባለዕዳው ውጪ ለሆነ ሰው በዚያው ዓይነት ገንዘብ በእጅ በእጅ መሸጥን ወደ ሪባ የሚወስድ በመሆኑ አልፈቀደም። የማሌዥያ ዑለማእ ለገበያቸው ሲሉ የተለየ አቋም እንደያዙ አውቃለሁ፤ ኺላፉ አለ።

ከሁሉም በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ግን የኢፍላስ (የኪሳራ) ሕግ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው የገዛው የዛፍ ፍሬ አደጋ ደረሰበትና በዕዳ ተዋጠ። ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ፤ ሰጡትም። የተሰበሰበው ግን ዕዳውን አልሞላም። በዚህ ጊዜ አበዳሪዎቹን ያገኙትን እንዲካፈሉና ከዚያ በላይ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ሙስሊም ዘግበውታል። ፉቀሃዎች ከዚህና ከመሰሎቹ ተነስተው ሙሉ ሥርዓት አቁመዋል። ቃዲው ሰውየው ሙፍሊስ መሆኑን ያውጃል፤ ያለው ንብረት ይሰበሰባል፤ አበዳሪዎች ሁሉ እንደ ገንዘባቸው መጠን ይካፈላሉ። ልብሱና የቤተሰቡ ቀለብ አይነካም። ስለ መኖሪያ ቤቱ መዝሀቦች ይለያያሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ራሳቸው በሙፍሊሱ ላይ እገዳ መጣልን ባይቀበሉም ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው ተቀብለውታል።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ለርዕሳችን የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ኪሳራው ከታወጀ በኋላ ማንም አበዳሪ ከሌሎቹ ተነጥሎ ለብቻው መሮጥ አይችልም። ሁሉም አብሮ ያገኛል፤ ሁሉም አብሮ ያጣል።

ቃዲ የሌለው ገበያ

የአውሮፓና የአሜሪካ ሕጎችም ለከሰረ ነጋዴ ይህንኑ የሚመስል ሥርዓት አላቸው። አንድ ሱቅ ሲከስር ፍርድ ቤት አለለት። አንድ አገር ሲከስር ግን የለም። በ2001 የዓለም የገንዘብ ድርጅት ምክትል ኃላፊ የነበሩት አን ክሩገር ለአገሮች ኪሳራ የሚሆን ሥርዓት እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርበው ነበር። በ2003 አሜሪካ ባለመደገፏ ሐሳቡ ከመንገድ ቀረ። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአገሮች ዕዳ የሚሸጋሸግባቸውን መሠረታዊ መርሆዎች በ136 ድምፅ አጸደቀ። 41 አገሮች ድምፅ ተአቅቦ አደረጉ፤ 6 ብቻ ተቃወሙ። ከተቃወሙት ውስጥ የዕዳ ውሎች በብዛት የሚዳኙባቸው ኒውዮርክና ለንደን የሚገኙባቸው አሜሪካና ብሪታንያ ነበሩ። 136ቱ አገሮች የጉባኤ ወረቀት አገኙ፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን የሁለቱ ናቸው።

የሚደንቀው ደግሞ የእነርሱም የቆየ ሕግ ለመክሰስ ሲባል ብቻ የሌላውን ዕዳ መግዛትን ነውር አድርጎ የሚያይ መሆኑ ነው። ኤልዮት የተባለው ፈንድ በ1996 20.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የፔሩ ዕዳ በ11.4 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ኒውዮርክ ላይ ሲከስስ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በዚሁ የቆየ ሕግ መሠረት በ1998 ክሱን ጣለበት። በ1999 የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠው። ፈንዱ ቀጥሎ ብራስልስ ሄዶ ፔሩ ለሌሎቹ፣ ለተስማሙት አበዳሪዎች የምትልከውን ክፍያ የሚያግድ ትእዛዝ አወጣ። ፔሩም ተጨንቃ በ2000 58 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ከአራት ዓመት በኋላ የኒውዮርክ ግዛት ያንን የቆየ ሕግ አሻሽሎ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ በሆነ ግዢ ላይ እንዳይሠራ አደረገው። ትንሹን ነገረ ፈጅ የሚከለክል፣ ትልቁን የሚያሳልፍ ወንፊት ሆነ።

የዚሁ ፈንድ ቅርንጫፍ በ2012 ቴማ በተባለው የጋና ወደብ ላይ የአርጀንቲና የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ እንድትያዝ እስከማድረግ ደርሷል። መርከቧ የተለቀቀችው በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። አርጀንቲና ግን በ2016 ከፈለች።

ለእነዚህ ፈንዶች የሚከራከሩ ሰዎች የሚሉት ባዶ አይደለም። ዕዳ የሚሸጥበት ገበያ ከሌለ መጀመሪያ የሚያበድር አይገኝም፤ አስገድዶ የሚያስከፍል ከሌለም ሌባ መሪዎች በነጻነት ይበደራሉ ይላሉ። ሁለተኛው እውነትነት አለው፤ የአፍሪካ መሪዎች በተበደሩት ገንዘብ ምን እንደሠሩ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ዕዳው ሲከፈል የሚከፍለው ሌባው አይደለም። የመጀመሪያውን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሰፈሩልን ነገር አይረሳኝም። ድኃ አገር ከፍ ያለ ወለድ የምትከፍለው ላትከፍል የምትችልበት አጋጣሚ ስላለ ነው፤ ጭማሪው የዚያ ሥጋት ዋጋ ነው አሉን። ታዲያ የሥጋቱን ዋጋ አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ሥጋቱ ሲደርስ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት እንዴት ይችላል? ወረቀቱን በአሥር ሳንቲም የገዛውማ ሥጋቱን ሁለት ጊዜ አስከፍሏል። ይህን እኔ ከኪታብ ሳይሆን ከገዛ ትምህርታቸው ያገኘሁት ነው።

በባግዳድ የተቻለው

«የግል ውል ነው፤ መንግሥታት ጣልቃ ሊገቡበት አይችሉም» የሚለው መልስ ለዛምቢያ ሲሰጥ፣ በሌላ ቦታ ምን እየተሠራ እንደነበረ እንመልከት።

አሜሪካና ብሪታንያ ኢራቅን በወረሩ በሁለት ወር ውስጥ፣ በሜይ 2003፣ የጸጥታው ምክር ቤት 1483 የተባለውን ውሳኔ አሳለፈ። በውሳኔው መሠረት የኢራቅ ነዳጅና የሽያጩ ገቢ እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ በማንኛውም አበዳሪ እንዳይከሰስና እንዳይታገድ ተደረገ። ጥንብ አንሳውም ሆነ ሌላው የዓለም አበዳሪ የኢራቅን ነዳጅ መንካት አልቻለም። በ2004 መጨረሻ ደግሞ የፓሪስ ክለብ አባላት ከኢራቅ ከሚፈልጉት 38.9 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 80 በመቶውን ለመሰረዝ ተስማሙ። ዋሽንግተን አጥብቃ የገፋችው ነበር። ክርክሩም የአምባገነን መሪ ዕዳ በሕዝብ ጫንቃ ላይ መውደቅ የለበትም የሚል ነበር።

ለኢራቅ ሕዝብ መሰረዙን እኔ አልቃወምም፤ ከዚያ ሁሉ ማዕቀብና ጦርነት በኋላ ይገባው ነበር፤ ያንሰዋል እንጂ። የምለው ሌላ ነው። አንድ አንቀጽ በአንድ ቀን ተጽፎ የዓለምን አበዳሪዎች ሁሉ እጅ መያዝ እንደሚችል በ2003 ታይቷል። የዚያኔ ኢራቅ ባለ ነዳጅ፣ አስተዳዳሪዋም ወራሪዋ ነበር። ዛምቢያ የገጠር ጤና ጣቢያዎቿን ከከፈተች ከአንድ ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ሲፈረድባት ግን እንዲህ ያለውን አንቀጽ ሊጽፍላት የተነሳ አልነበረም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ብሪታንያ ኋላ ላይ አንድ ነገር አድርጋለች። በ2009 ከጦርነት ያገገመችው ላይቤሪያ በ1978 ለተወሰደ ብድር ለሁለት ፈንዶች 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንድትከፍል ለንደን ላይ ሲፈረድባት የሕዝቡ ቁጣ በረታና፣ በ2010 ፓርላማው በሂፒክ ፕሮግራም የታቀፉ አገሮችን የቀድሞ ዕዳ የገዛ ማንኛውም ሰው ሌሎቹ አበዳሪዎች ከተቀበሉት በላይ በብሪታንያ ፍርድ ቤቶች እንዳይጠይቅ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በሌላ አነጋገር የኢፍላስን ሥርዓት በከፊል አስገባ ማለት ነው። ቤልጅየምና ፈረንሳይም በየራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። በሕጉ የተነሳ የለንደን የገንዘብ ገበያ አልፈረሰም። ኒውዮርክ ላይ ግን በ2023 እና በ2024 የቀረቡት የሕግ ረቂቆች ሳይጸድቁ ቀርተዋል።

ወደ እኛ ስንመጣ

ኢትዮጵያ የሂፒክን ሂደት ያጠናቀቀችው በ2004 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2014፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮቦንድ ከዓለም ገበያ ተበደረች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር፤ በዚያው ወር አሜሪካ ለአሥር ዓመት ብድር የምትከፍለው ከ2.5 በመቶ በታች ነበር። ከብድሩ ለስኳር ፕሮጀክቶች የሚውል ድርሻ እንዳለበት ተነግሮን ነበር፤ የስኳር ፕሮጀክቶቹ ታሪክ ግን ለሌላ ጽሑፍ የሚተርፍ ነው። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ የውጭ ምንዛሪ ተሟጠጠ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ፣ ዛምቢያና ቻድ የቡድን 20 አገሮች ባዘጋጁት የጋራ ማዕቀፍ ዕዳቸው እንዲሸጋሸግ አመለከቱ። በዲሴምበር 2023 መንግሥት የዩሮቦንዱን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ፤ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። በቻይናና በፈረንሳይ የሚመራው የመንግሥታት አበዳሪዎች ኮሚቴ በማርች 2025 በመርህ ደረጃ ተስማማ። ከቦንድ ያዢዎቹ ጋር የነበረው ድርድር ግን ከዚያ በኋላም ቀጠለ። የያዢዎቹ ኮሚቴ ክርክር የአገሪቱ ችግር የአጭር ጊዜ የገንዘብ እጥረት እንጂ ኪሳራ አይደለም፤ ስለዚህ ከዋናው የሚቆረጥ ነገር መኖር የለበትም የሚል ነበር።

እነዚህን ያዢዎች ሁሉ ጥንብ አንሳ ብሎ መጥራት ግፍ ነው። ከመካከላቸው በ2014 ሙሉ ብር አውጥተው የገዙ፣ የጡረተኞችን ገንዘብ የሚያስተዳድሩ አሉ። እነርሱና ዶኔጋል አንድ አይደሉም። ነገር ግን ቦንድ እጅ ይለውጣል። መንግሥት መክፈል ባቆመ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፤ ያኔ ርካሽ ፈልጎ የሚገዛው ማን እንደሆነ ከፔሩና ከአርጀንቲና አይተናል። የ2014ቱ ቦንድ የሚዳኘው በእንግሊዝ ሕግ ነው። የብሪታንያ የ2010 ሕግ ደግሞ የሚሸፍነው ከእርሱ በፊት የተወሰዱትን የቆዩ ዕዳዎች ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ቦንድ ከጥላው ውጪ ነው። የለንደን በጎ አድራጊዎች ሕጉ አዳዲሶቹን ዕዳዎች እንዲያቅፍ ሲወተውቱ ኖረዋል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የፓርላማ መራጮች ናቸውና ለተወካያቸው አንድ ደብዳቤ መጻፍ አያቅታቸውም።

የእኛዎቹስ አበዳሪዎች? ሳውዲ ዐረቢያ፣ ኩዌትና ሌሎችም የሙስሊም አገሮች በልማት ፈንዶቻቸው አማካይነት ለአፍሪካ ሲያበድሩ የኖሩ ናቸው። ብድራቸው ብዙውን ጊዜ ከገበያው የቀለለ መሆኑን መካድ አይገባም። ሆኖም ከፓሪስ ክለብ ውጪ ያሉ አበዳሪ መንግሥታት፣ የሙስሊም አገሮችም የሚቆጠሩበት ጎራ፣ በሂፒክ ፕሮግራም ከሚጠበቅባቸው ምሕረት በአማካይ ከግማሽ በታች መስጠታቸውን የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሪፖርቶች ደጋግመው ጽፈዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ኹጥባ ሪባን ሲሽሩ መጀመሪያ የሻሩት የማንን እንደነበረ እናስታውስ፤ የገዛ አጎታቸውን የዐባስ ኢብኑ ዐብዱልሙጠሊብን (ረ.ዐ) ነው።

በሜይ 2007፣ የዛምቢያ ፍርድ በተሰማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ የፓሪስ ክለብ አባላት በሂፒክ አገሮች ላይ ያላቸውን ዕዳ ምሕረቱን ለማይቀበል ገዢ ላለመሸጥ ቃል ገብተዋል። የእኛ ፈንዶች ከዚህም አልፈው መሄድ ይችላሉ። በሚያበድሩት ገንዘብ ውል ላይ ዕዳው ከባለዕዳው ፈቃድ ውጪ ለማንም እንደማይሸጥ፣ ባለዕዳው ቢከስር ደግሞ ከሌሎቹ አበዳሪዎች ጋር እንደ ድርሻቸው እንደሚካፈሉ የሚገልጽ ሁለት መስመር መጨመር ብቻ ነው የሚፈለገው። ሩማኒያ በ1979 ውሏ ላይ እነዚህ ሁለት መስመሮች ቢኖሩ ኖሮ ዶኔጋል የሚገዛው ወረቀት ባልኖረ ነበር።